የእንግዳ አስተያየትና የዲላ አልጋ

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የቡና ገበያ ከተማ እንደ መሆኗ፣ የሆቴሎቿ አልጋ ሲሞላና ሲጎድል የኖረው ከቡናው ወራት ጋር ነው። እሸት ቡና በሚለቀምበት ወራት ነጋዴውና ሾፌሩ ይበዛሉ፤ ለቀማው ሲያበቃ ይቀንሳሉ። በ2010 ዓ.ም. ግን በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል፣ የእርዳታ ሠራተኞች ሳይታሰብ ወደ ከተማዋ መጡ።

ትሪፕአድቫይዘር በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ እንግዶች በኢንተርኔት የሚጽፉትን አስተያየት ብዛትና ቃና በየወሩ መዝግቦ፣ ካለፉት ዓመታት የአልጋ ቁጥር ጋር በማጣመር የመጪውን ጊዜ ፍላጎት መተመን በውጭው ዓለም ተለምዷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ሰፈረ፣ የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ሊያይ የሚመጣውን ጎብኚ ለመገመት ይኸው ስሌት ለዲላም ይበጃል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሰማው የጻፈውን እንግዳ ብቻ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ጭነቱን ይዞ የሚነሣው ሾፌር አስተያየት ጽፎ አይሄድም፤ ስሙ የሚገኘው በእንግዳ መቀበያው መዝገብ ላይ ነው። እንደ 2010 ዓ.ም. ያለው ድንገተኛ ፍልሰትም በአስተያየት ውስጥ የሚታየው ካለፈ በኋላ ነው። ስለሆነም በአስተያየት ብቻ ተመርቶ ክፍል የሚያሠራ ባለሆቴል ለጎብኚው ሲያሰፋ ነባር ደንበኛውን በደጅ ያስቀራል። መዝገቡ ይቅደም፤ አስተያየቱ ይከተለው።