ቁራጭ ጨርቅና የልጆች ጨዋታ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ

ስለ አገራችን አልባሳት የጻፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የነገሥታቱን ካባ፥ የመኳንንቱን ለምድና የበዓሉን ጥበብ ቀሚስ ነው። ከልብሱ ተቆርጦ የወደቀው፥ አርጅቶም የተጣለው ጨርቅ ወዴት እንደ ደረሰ የጠየቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ቀድሞ በቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበሩት፥ ዛሬ በደቡብ ጎንደር በሚገኙት በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ፥ እንደ ሌላውም የአማራ አገር ሁሉ፥ ይህን ጨርቅ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ሥራቸውም የራሱ ታሪክ አለው።

በጥንት ዘመን ቁራጭ ጨርቅ ብርቅ ነበረ። ሴቶች የፈተሉት ጥጥ ሸማ ሆኖ ከሸማኔው እጅ ሲወርድ እንዳለ የሚለበስ ስለ ሆነ፥ መቀስ ብዙ አይነካውም። ሲያረጅ ለሕፃን መጠቅለያ፥ ቀጥሎም ለሌላ ልብስ መጣፊያ ይሆናል፤ ጥፉ በጥፍ ላይ የተደራረበበትም ልብስ ድሪቶ ይባላል። ከሩቅ አገር የመጣ ጨርቅማ ክሩ እንኳ አይባክንም ነበር። ቀዩ የሕንድ ጨርቅ ክሩ እየተፈታ ለሸማ ጥለት ይውል ነበር። ከሐርና ከግምጃ የተረፈውም ቁራጭ በብዙ የብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ፊት ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካ አቡጀዲ በምጽዋ በኩል ይገባ ጀመር። ከ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ አስቀድሞም የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ይዞት ነበር። ሱሪና ሸሚዝ ተቆርጦ የሚሰፋ ስለ ሆነ፥ የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ በገበያ በተቀመጠበት ሁሉ ባለቀለም ቁራጭ በእግሩ ሥር ይረግፍ ጀመር። እንግዲህ ይህ ቁራጭ የመቀስ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ልጆቹም ይህን ለቅመው በኅብረት ይሠሩበታል። ልጃገረዶች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አንዲቱ እንጨት፥ ሁለተኛይቱ ቁራጭ ጨርቅ፥ ሦስተኛይቱ ከነጠላ ጫፍ የተመዘዘ ክር ታመጣለች። አሻንጉሊቲቱ ተጠቅልላና ታስራ ሙሽራ ትሆናለች፤ ወይም እንደ ሕፃን ትታዘላለች። ወንዶች ልጆች ደግሞ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በሲባጎ እያጠበቁ ኳስ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ያለውን ስለሚያዋጣ ኳሱ የአንድ ሰው ሀብት አይደለም፤ ድርሻዬን ፈትቼ ልውሰድ የሚል ቢነሣ ጨዋታው ይፈርሳል። ልጅ መዋጮንና ማኅበርን አስቀድሞ የሚማረው ምናልባት በዚህ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች መጽሐፍ በማሳተማቸው፥ ጨዋታ ለምርምር የሚበቃ ነገር መሆኑን አሳይተዋል። ነገር ግን የጨርቅ አሻንጉሊትና የጨርቅ ኳስ ሲያረጁ ወደ ጥራጊ ይመለሳሉና፥ እንደ ካባውና እንደ ብራናው በዕቃ ቤት ተጠብቀው አይቆዩም። አሁንም ከፋብሪካ የሚወጣው የፕላስቲክ አሻንጉሊትና ኳስ ስፍራቸውን እየወሰደ ነው። ድሪቶ የሚለውም ቃል ዛሬ የተዝረከረከ ሥራ መስደቢያ በመሆኑ፥ በውስጡ ያለው የእጅ ድካም ተረስቷል።

ስለዚህ ወደነዚህ አገሮች የሚሄድ ተማሪ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ከጐበኘ በኋላ ወደ እናቶችና ወደ አያቶች ጎራ ብሎ፥ ሙሽራዪቱ ከማን ቀሚስ እንደ ተሠራች ይጠይቅ። መልሱ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የገበያውም ታሪክ ይሆንለታል።