በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃን ማሳደድ፦ የኮምፕሬሰር ቅያሪና የፊልተር ድራየር ጉዳይ በባሕር ዳር

ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል፣ መጋቢት ውስጥ ነው። በባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ካለ አንድ የጥገና ቤት ደጃፍ የዓሣ ነጋዴ ፍሪዘር ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆሟል። ኮምፕሬሰሩ በአምስት ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተቃጥሏል። ሌላ ቦታ የመጀመሪያው ሲቀየርለት ድራየሩን የነካው ሰው አልነበረም፤ ፍሪዘሩ ገና አዲስ ነው ተብሎ። ባለሙያው አሁን ያንን አውራ ጣት የሚያክል የመዳብ ቱቦ በመቁረጫ ለሁለት ከፍሎ ጋዜጣ ላይ ገለበጠው። ነጣ ማለት የነበረባቸው ጥራጥሬዎች የተቆላ ቡና መስለው ተበተኑ። ወንፊቱ በጥቁር ቅርፊት ተደፍኗል፤ ሽታው ያረረ ዘይት ነው፣ አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጤ ነገርም አለበት። “ኮምፕሬሰሩን የገደለው ይሄ ነው” አለ ለባለቤቱ።

እኔ ድራየሩን ከገዳይ ይልቅ ምስክር ማለት ይቀለኛል። በውስጡ የተገኘው ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፦ ቅርፊቱ ናይትሮጅን ሳይነፋበት ከተበየደ መዳብ፣ ጥቁረቱ ከተቃጠለ ጥቅልል፣ አሲዱም ውኃና ሙቀት ከዘይቱ ጋር ተገናኝተው ከወለዱት። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ድራየር በእያንዳንዱ የኮምፕሬሰር ቅያሪ መለወጥ አለበት በሚለው ላይ አይቆምም፤ ያንን የትኛውም የአምራች መመሪያ ይለዋል። የባሕር ዳር ከፍታና ክረምት ለድራየሩ ከአቅሙ በላይ ሥራ ይጭኑበታል፤ ጫናው የሚጀምረውም ከቫኪዩሙ ሰዓት ነው።

ድራየር ሁለት ሥራ አለው። በወንፊቱ ቆሻሻ ይይዛል፤ በጥራጥሬው ውኃ ይመጥጣል። ጥራጥሬው ሞለኪዩላር ሲቭ የሚባለው ማዕድን ሲሆን ቀዳዳዎቹ 3 አንግስትሮም ያህል ናቸው። የውኃ ሞለኪዩል ወደ 2.8 አንግስትሮም ስለሆነ ይገባል፤ ከእሱ የሚገዝፈው የማቀዝቀዣ ጋዝ በደጅ ያልፋል። ያመለጠ ውኃ ካፒላሪ ከሚባለው ቀጭን ቱቦ መውጫ ላይ ይበርድና በረዶ ይሠራል፤ ፍሪዘሩ ማቀዝቀዝ ያቆማል፣ ሲሞቅ በረዶው ይቀልጥና እንደገና ይሠራል። ባለንብረቱ “አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል” የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

እዚህ ኮምፕሬሰር የሚቃጠልበት ወቅት የራሱ ሥርዓት አለው። ባሕር ዳር የምትሞቀው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ የቆሮሶና የአምባዛ ገበያ የሚደራው ደግሞ በጾም። ፍሪዘሩ ትኩስ ዓሣ ታጭቆበት በሙቀት ሲታገል መብራት ይሄዳል፣ ወዲያው ይመጣል። በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ሳይመጣጠን፣ ያውም በደከመ ቮልቴጅ፣ ሞተሩ ሊነሳ ይሞክራል፤ አይነሳም፤ ጥቅልሉ ይግላል። ስታቢላይዘርና ማዘግያ የሌለው ፍሪዘር ይህን ስንት ጊዜ እንደሚችል የሚያውቀው ጥቅልሉ ብቻ ነው።

ወደ ቫኪዩሙ እንምጣ። የመማሪያ መጻሕፍቱ የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ፍጹም ባዶ የሆነ ቱቦ ላይ የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች፣ ወይም ከዜሮ በታች 1 ባር ይወርዳል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 81.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። መርፌው የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ የዓለም ምርጡ ፓምፕ ቢሠራ እንኳ እዚህ ከ24 ኢንች አይወርድም። አንዳንዱ ባለሙያ 24 ላይ ሲቆምበት ፓምፔ ደክሟል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው የጌጁን ብሎን አዙሮ መርፌውን 30 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ጋዝ ሲሞላ የሚያነበው ሁሉ የተዛባ ይሆናል። ሁለቱም ታማኝ ሰዎች ናቸው፤ የዋሻቸው መጽሐፉ ነው።

ከዚህ የባሰው መርፌው ጨርሶ የማያሳየው ነገር ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ቱቦ ውስጥ እንዲፈላ ግፊቱ ከ2.3 ኪሎ ፓስካል በታች መውረድ አለበት። ለጥሩ ድርቀት የሚመከረው 500 ማይክሮን ደግሞ 0.067 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። ውኃው ገና መፍላት በሚጀምርበትና ቱቦው በደረቀበት መካከል ያለው ልዩነት በጌጁ ላይ 0.02 ባር፣ ማለት የመርፌዋን ውፍረት እንኳ አያህልም። ከአሮጌ ፍሪጅ በተነቀለ ኮምፕሬሰር ቫኪዩም የሚያደርግ ሰው መርፌው 24 ላይ ስለደረሰ ጨርሻለሁ ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ያልወጣውን ውኃ የሚያይበት መሣሪያ ግን የለውም። ኤሌክትሮኒክ የቫኪዩም መለኪያ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ በባሕር ዳር ከጌጁ ቀድሞ መገዛት ያለበት ይመስለኛል። ከፍታው ውኃን ቶሎ ስለሚያፈላ ሥራውን ያቀልልናል የሚለውም ምድጃ ላይ ላለ ድስት እንጂ ለቱቦ አይሠራም። ድስቱ በ94 ዲግሪ ይፈላል፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለ ውኃ ግን ውጭ ምን ከፍታ እንዳለ አያውቅም።

እንግዲህ የተረፈውን ውኃ ድራየሩ ይምጠጠው? ሒሳቡን ስሠራው መልሱ መጀመሪያ ያስደንቃል። በነሐሴ አየሩ 24 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 75 በመቶ ቢሆን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 16 ግራም ያህል የውኃ እንፋሎት አለ። የፍሪዘሩ ቱቦና ኮምፕሬሰር በአንድ ላይ 3 ሊትር ቦታ ቢኖራቸው፣ ክፍት ሲሆኑ የሚገባባቸው 0.05 ግራም ነው። 15 ግራም ጥራጥሬ ያለው ድራየር ከጠገበ የክብደቱን አንድ አምስተኛ፣ 3 ግራም ያህል ሊይዝ ይችላል። በወረቀት ላይ ድራየሩ በስልሳ እጥፍ ያሸንፋል።

ሽንፈቱ ከጠረጴዛው ላይ ነው የሚመጣው። ጠዋት ክዳኑ ተነቅሎ “እስኪደርስ” ተብሎ የተቀመጠ ድራየር የሚጠጣው ከ3 ሊትር አይደለም። ክፍሉ 50 ሜትር ኩብ ቢሆን አየሩ 800 ግራም ውኃ ይዟል፤ በሩም ክፍት ነው፣ ውጭም ዝናብ ነው። ከምሳ በኋላ የሚበየደው ድራየር ስሙ ብቻ ነው ድራየር። ክዳኑ የተነቀለ አዲስ ኮምፕሬሰርም ያው ነው፦ የኤስተር ዘይቱ ከቀድሞው የማዕድን ዘይት ከአሥር እጥፍ በላይ ውኃ ይስባል፣ በሙቀትም ከውኃው ጋር ተዋህዶ ወደ አሲድ ይመለሳል። አየር ራሱን ደግሞ ድራየር አይዝም፤ በቫኪዩም ያልወጣ አየር እስከ መጨረሻው ኮንደንሰሩ ውስጥ ይኖራል። አሮጌውን ድራየር በእሳት ማላቀቅም አይገባም፤ ሲግል የያዘውን ውኃ መልሶ ወደ ቱቦው ስለሚተፋ በመቁረጫ ነው መውጣት ያለበት። አዲሱ በመጨረሻ ይከፈታል፣ የካፒላሪው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይበየዳል፣ ወዲያው ፓምፑ ይነሳል።

የዘይቱ ለውጥ ከሞንትሪያል ስምምነት ጋር የመጣ ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ የገባችበት በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ አንድ ቢመስልም በመካከሉ ሰባት ዓመት አለ። አር 12 ወጥቶ አር 134 ኤ ሲገባ ድራየሩም አብሮ ተቀይሯል፤ ለአሮጌው ጋዝ የተሠራው ጥራጥሬ ለአዲሱ አይሆንም።

በሐይቁ ዳር ሆቴሎች ግድግዳ ላይ ያሉት ስፕሊቶች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ብዙዎቹ ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችሉ ሂት ፓምፖች ናቸው። በጥር ሌሊት እንግዳ ማሞቂያውን ሲጫን አቅጣጫ ለዋጩ ቫልቭ ይገለበጥና ጋዙ በፈሳሽ መስመሩ ላይ በመጣበት ይመለሳል። ባለ አንድ አቅጣጫ ድራየር እዚያ ከተበየደ ለወራት የያዘውን ቆሻሻ በአንድ ሌሊት መልሶ ያፈሰዋል። ስለዚህ ባለ ሁለት አቅጣጫ ድራየር ያስፈልጋል። ቦታውም ያሳስታል። በብዙ ስፕሊቶች ግፊት ቀናሹ ከቤት ውጭ ባለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው ቀጭን ቱቦ በማቀዝቀዝ ጊዜ የሚይዘው ጥርት ያለ ፈሳሽ አይደለም፤ ከፊሉ ተንኗል። በእጅ የሚደረስበት እሱ ስለሆነ ብዙዎች ድራየሩን እዚያ ይጨምራሉ። ትክክለኛው ቦታ ግን በኮንደንሰሩና በግፊት ቀናሹ መካከል፣ ሽፋኑ ከተከፈተ በኋላ የሚገኘው ጠባብ ስፍራ ነው።

ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሎ ዘይቱ በአሲድ ምርመራ ከወደቀ በመምጠጫው መስመርም ላይ ድራየር ይገባል። በሂት ፓምፕ ቦታው በአቅጣጫ ለዋጩ ቫልቭና በኮምፕሬሰሩ መካከል ነው፤ ማሞቅም ሆነ ማቀዝቀዝ፣ እዚያ ፍሰቱ ሁልጊዜ ወደ ኮምፕሬሰሩ ነው። ይህ ግን እንግዳ እንጂ ነዋሪ አይደለም። ዘይቱ እንደጠራ ካልወጣ፣ የሞላው ድራየር የመምጠጫውን ግፊት አውርዶ አዲሱን ኮምፕሬሰር በጋዝ ጥማት ያሞቀዋል። የሆቴሉ ሰው ክፍሉ ከቀዘቀዘለት በኋላ ለሁለተኛ ጉብኝት መክፈል አይወድም፤ ባለሙያውም አይጫነውም።

የዓሣ ነጋዴው ፍሪዘር በዚያው ሳምንት ተነሳ። ባለሙያው ቱቦውን በናይትሮጅን አጥቦ፣ ሲበይድም ናይትሮጅኑን በቀስታ እያሳለፈ፣ አዲሱን ድራየር ከነክዳኑ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ይዞት ቆየ። ፓምፑ ተገናኝቶ፣ ኮምፕሬሰሩ ከታሰረ በኋላ ነው ያወጣው። ክዳኑ ሲነቀል ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማና ፈገግ አለ፤ ከፋብሪካ የታሸገበት አየር ገና አልወጣም ነበር።