ስሙ ሂካ ነበር

ባለፈው ክረምት አንድ ካርቶን የልጆች መጽሐፍ በስጦታ መጥቶልን ነበር። ሁሉም በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ባለ ቀለም ሥዕል፣ ስለ አሜሪካ ታላላቅ ሰዎች የሚተርኩ ናቸው። የእንጅባራን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይውልም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል እየሰበሰብኩ መጽሐፎቹን በአማርኛ እተርክላቸው ጀመር። አማርኛው ሲከብዳቸው ትልልቆቹ ለትንንሾቹ በአዊኛ ያስረዷቸዋል።

በጣም የወደዱት ፍሬድሪክ ዳግላስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 በባርነት የተወለደ ልጅ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባልቲሞር በምትባል ከተማ የጌታው ዘመድ ሚስት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር፤ ባሏ ግን ባሪያ ማንበብ ከቻለ ባሪያ ሆኖ አይቀርም ብሎ ከለከላት። ልጁ ምን አደረገ? ከቤት ዳቦ ይዞ ይወጣና መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው ድሆች ነጭ ልጆች ይሰጣቸዋል፤ እነሱም በምትኩ ፊደል ያሳዩታል። እኔም በሚቀጥለው ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ይዤ ገባሁ። ማንበብ የሚችል ላልቻለው አንድ ቃል ባስተማረ ቁጥር አንድ ቁራሽ ይወስዳል አልኩ። ዳቦው በሩብ ሰዓት አለቀ። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ክፍለ ጊዜ እስከ ዛሬ አላስተማርኩም።

ከዚያ ጆርጅ ዋሽንግተን ጋ ደረስን። መጽሐፉ ላይ ነጭ ፈረስ ተቀምጧል። በአዊ ልጅ ፊት ሰው በፈረስ ላይ ከታየ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲወጡ አይቶ ያደገ ልጅ ነው። “ፈረሱ ስሙ ማን ነው?” አሉኝ። አባ ታጠቅን፣ አባ ዳኘውን፣ አባ ነጋን ከየቤታቸው ሰምተዋልና። እኔ ግን መጽሐፉ የዘለለውን ነገር ነገርኳቸው። ዋሽንግተን ሲሞት በ1799 በእርሻው ላይ ከሦስት መቶ በላይ ባሪያዎች ነበሩ። የራሱ የሆኑት ነፃ እንዲወጡ በኑዛዜው ጽፏል፤ በሕይወት ሳለ ግን አላደረገውም።

ከእኔ ጋር የምታገለግል እህት “ይህ ለሕፃን ይነገራል ወይ?” ብላ ወቀሰችኝ። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ልጅ የሚያደንቀው ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን በዚያው ክፍል በዚያው ወንበር ላይ ለእነዚሁ ልጆች ስለ ዳዊት ስናስተምር ኦርዮንን አንደብቅም። መጽሐፍ ቅዱስ ለንጉሡ ያላደረገውን ውለታ ለጄኔራሉ የምናደርግበት ምክንያት አልታየኝም።

መዘዙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን አወጣችና “ቲቸር፣ እኛ አገርስ ባሪያ ነበር?” አለችኝ። አፌን ሳልከፍት አንዱ ወንድ ልጅ ከኋላ ወደተቀመጠው ጠቆር ያለ ልጅ በጣቱ አሳየ። ሳቅ ሆነ። ልጁም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። እኔስ? “ዛሬ ሰዓታችን አልቋል፣ እንጸልይ” አልኩ። አልቆ አልነበረም።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ነው፤ ግን አፍሬአለሁ። ከአትላንቲክ ማዶ ያለውን ባርነት በዳቦ አስደግፌ አስተምሬ የራሴን አገር ጥያቄ በጸሎት ዘጋሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትቼ፣ ሰሌዳው ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ሥዬ ጀመርኩ።

ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ፣ በ1850ዎቹ አጋማሽ ገደማ አንድ የኦሮሞ ልጅ ተወለደ። ስሙ ሂካ ነው። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት። እጅ በእጅ እየተሸጠ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ መጨረሻው ቀይ ባሕር ዳር ምፅዋ ሆነ። በካርታው ላይ ከሁሩሙ እስከ ምፅዋ ክር ዘርግቼ ልጆቹ በጣታቸው እንዲከተሉት አደረግሁ። አንዷ ዓባይ ላይ ስትደርስ ቆመችና “በእግሩ ነው?” አለች።

በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ አወጣው የተባለው ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊንከን የባሪያ ነፃነትን አዋጅ ካስነገረ ገና ሰባት ዓመት ነበር፤ ልጆቹ ሁለቱን ዘመን አያይዘው ሲያዩ ተገረሙ። ሂካ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለት ያ ባሪያ ስሙ ይኸው ነበር። ኋላም ስዊድን አገር ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ።

አገሩ ለመግባት ግን የፈጀበት ጊዜ ከባርነቱም ይረዝማል። በሱዳን በኩል ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። መግባት ሲያቅተው እምኩሉ ተቀምጦ መተርጎም ጀመረ፤ አዲስ ኪዳን በ1893፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በ1899 በኦሮምኛ ታተመ። የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ይህን ስነግራቸው የአዊ ልጆች ወዲያው ገባቸው፤ እነሱም ትምህርት ቤት አዊኛን የሚጽፉት በዚሁ ፊደል ነውና። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ነቀምት ላይ ማስተማር ጀመረ፣ በ1931 አረፈ።

አሁን ስሙን ተመልከቱት። በኦሮምኛ “ሂኩ” ማለት የታሰረን መፍታት ነው፤ መተርጎምም ነው። የእኛም አማርኛ እንዲሁ ነው፤ ገመድም ይፈታል፣ ሕልምም ይፈታል። እናቱ ስታወጣለት ምን አስባ እንደነበር አንድ ጌታ ያውቃል። ልጆቹ ግን ገመድ ቋጥሬ ሰጥቻቸው እየፈቱ “ሂካ! ሂካ!” ሲሉ ዋሉ።

አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም። አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እሷም በባርነት ተይዛ ባሕር ልትሻገር ስትል በ1886 የጣልያን መርከበኞች ነፃ አውጥተዋት ወደ እምኩሉ የመጣች ናት። ኦኔሲሞስ ከልጅነቱ የተለያት ቋንቋ በእሷ አፍ ሙሉ ነበር። ለመዝገበ ቃላቱ ቃላት የሰበሰበችው እሷ ናት፤ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከቃሏ ጽፋለች። በ1894 የወጣውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ሆኖም ስለ ትርጉሙ ሲወራ ስሟ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በእኛ ክፍል ሴቶቹ ልጆች ሰሌዳው ላይ ከኦኔሲሞስ ከፍ አድርገው ጻፉት፤ አልከለከልኳቸውም።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። አዎ፣ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንደምታስቀር ቃል ገባች፤ በሚቀጥለው ዓመት አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ሕግ ግን የወጣው ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1942 ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ አያቶች ሊያስታውሱት የሚችሉት ዘመን ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ መጣም፦ “የሚሸጡት እነማን ነበሩ?” እዚህ ላይ ጣልያን ወይም ዐረብ ብሎ ማምለጥ ይቻላል። ግን እውነቱ ይህ ነው። በጎጃም የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጡ ሰዎች ይሸጡ ነበር። ከእኛ በስተ ምዕራብ ቆላው ላይ የሚኖሩት ጉሙዞች ደግሞ ለብዙ ዘመን ከደጋው በሚወርዱ ሰዎች ይታደኑ ነበር። ደጋው ማለት እኛ ነን፤ አማራውም አገውም። በቅርብ ዓመታት በመተከል የፈሰሰውን ደም፣ ከዚያም ተፈናቅለው እኛ ዘንድ የተጠለሉትን እያየን ይህን ማንሳት እሳት በእጅ እንደመያዝ ነው፤ አንዳንድ ወላጆች ቅር ብሏቸዋል። ልጆቹ ግን ያንን ስድብ እንደ አየር እየተነፈሱት ያድጋሉ። ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ቃል ተው ብላችኋቸው ስንት ቀን ይተዉታል?

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከአያት ወይም ከቤት ሽማግሌ ጠይቃችሁ ኑ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ማስገደድ የለም። ብዙዎቹ “አላውቅም አሉኝ” ብለው ተመለሱ። ጣቱን ቀስሮ የነበረው ያ ልጅ ግን መጨረሻ ላይ ተነሣ። አያቱ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቡናው ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አቦሉ እስኪጠጣ ዝም አሉ። ከዚያ በአባታቸው ቤት እህል የምትፈጭ፣ እሳቸውን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች አንዲት ሴት እንደነበረች ነገሩት። የቤቱ ሰው የሚጠራት ባወጣላት ስም ነው።

“የራሷ ስምስ ማን ነበር?” አለችው ያቺው ጠያቂ ልጅ።

“እሱን አያቴም አያውቁትም” አለ።

ግድግዳው ላይ የለጠፍነው የስም ዝርዝር አለ፤ ዳግላስ፣ ሐሪየት ተብማን፣ ሊንከን፣ ሂካ፣ አስቴር ጋኖ። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ማርከሩን ወስዶ ከአስቴር ሥር ሰረዝ አሰመረና ባዶውን ተወው።