የተዛባ የልብ ምት (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን)፦ ምንነቱ፣ አደጋው እና ጥንቃቄው



«ማታ ደህና አምሽቶ፣ ለሱብሒ ሲነሳ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ።» እንዲህ ያለው ወሬ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው እንግዳ አይደለም። አንዱ «ጅን ነክቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «መጋኛ መታው» ይላል። እንዲህ በድንገት የሚመጣ ሽባነት ግን በአብዛኛው ስትሮክ ነው። ከስትሮክ መነሻዎች አንዱ ደግሞ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር የሚችል የልብ ምት መዛባት ነው። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ዛሬ ስለዚሁ ሕመም እንመለከታለን።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ምንድን ነው?

ልባችን አራት ክፍሎች አሏት። ሁለቱ የላይኞቹ ደም ይቀበላሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት ይረጫሉ። አንድ አዋቂ ሰው በእረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ እኩል እየተራመደች ትመታለች። በዚህ ሕመም ግን የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ምቱም አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ የተዘለለ ይመስላል። አንዳንዱን ሰው መጣ ሄደት ይልበታል፤ ሌላው ላይ ሳይለቅ ይቆያል።

አደጋው የት ላይ ነው?

የሚፈስ ወንዝና የቆመ ውሃ አንድ አይደሉም። ደምም እንዲሁ ነው። የላይኛው የልብ ክፍል በደንብ ካልተኮማተረ ደሙ በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ይተኛና ይረጋል። የረጋው ደም አንድ ቀን ተላቆ ወደ አንጎል ከሄደ የደም ሥር ይዘጋል፤ ይህ ነው ስትሮክ የሚባለው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ጥናት፣ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 17 እጥፍ ይደርሳል። ከስትሮክ ሌላ፣ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት የምትመታ ልብ እየደከመች ትሄዳለች፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

በእኛ አገር ወጣቶችን ለምን ይይዛል?

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ በአብዛኛው የአረጋውያን ሕመም ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ውፍረትና እርጅና ያመጡታል። በእኛም አገር የደም ግፊት ትልቅ መነሻ ነው። ነገር ግን በእኛ ዘንድ የ20 እና የ30 ዓመት ወጣቶችም ይያዛሉ። ዋናው ምክንያት በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የቶንሲል ሕመም በፔኒሲሊን ዓይነት መድኃኒት ይድናል። ሳይታከም ሲቀር ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ይከተላል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ሕመሙም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዞራል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ በልብ በሮች (ቫልቮች) ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም። በተለይ ሚትራል የሚባለው በር ሲጠብ የላይኛው የግራ ክፍል እየተወጠረ ይሰፋል፤ የምት መዛባቱም ይጀምራል።

እኛም በመምህርነት ዘመናችን ጉሮሮውን አሞት የቀረውን ተማሪ «ጉንፋን ነው» ብለን ስንት ጊዜ እንዳለፍነው ስናስበው ይቆጨናል። ትኩሳት ያለውና መዋጥ ያቃተው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። አንዴ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት።

የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ልብ ይዛባል። እንቅርት ያለበት ሰው ልቡ የሚመታ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚከሳ ከሆነ ይመርመር። በወሎ በየዱዓው የሚቀርበው ጫትም የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊትንም ይጨምራል። ልቡ ለታመመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምልክቱና ምርመራው

የልብ መምታት፣ ድካም፣ ማዞር፣ ዳገት ሲወጡ ወይም ወደ መስጂድ ሲሄዱ ትንፋሽ ማጠር ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ራሳችንን እንፈትሽ። ጥቂት ካረፍን በኋላ ሁለት ጣቶቻችንን ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ አሳርፈን ለአንድ ደቂቃ እንቁጠር። ምቱ ወጥነት ከሌለው ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። ሕመሙ የሚረጋገጠው በኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ ነው። የልብ በሮችን ሁኔታ ለማየት የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይታዘዛል። ለሐይቅ ሰው ከፍተኛ ምርመራ ሲያስፈልግ ቅርቡ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደሴ ናት።

ሕክምናው

ሕክምናው በዋናነት ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የልብን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ደም እንዳይረጋ ይከላከላል። ለሁለተኛው በአገራችን በሰፊው የሚሰጠው ዋርፋሪን ነው። በጣም ካነሰ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ደም ይፈሳል። ስለዚህ አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ ይለካል፤ ለዚህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባለው መሃል እንዲሆን ይፈለጋል። አስፕሪን ምትኩ አይሆንም። አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎችም አሉ። ይሁንና በ24 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ዋርፋሪን ከሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በራስ ፈቃድ መድኃኒት መቀየር አይገባም።

የጠበበ በር በቀዶ ሕክምና ወይም በፊኛ ሊስተካከል ይችላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሊጠነቀቃቸው የሚገቡ ነገሮች

• ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። መተው አያስፈልግም፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።
• ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በመድኃኒት መልክ አብዝቶ ከመውሰድ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።
• ሒጃማ (ዋግምት) የምንወደው ሱና ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ቆዳው ሲበጣ ደሙ አልቆም ሊል ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈቃድ አያድርገው።
• የተረሳ ኪኒን በማግስቱ በእጥፍ አይወሰድ።
• ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች እህት ሳትዘገይ ሐኪሟን ታማክር። መድኃኒቱን በራሷ ማቆሟም አደገኛ ነው።
• ሰገራ ከጠቆረ፣ ድድ ወይም ነስር አልቆም ካለ፣ ጭንቅላት ከተመታ ቶሎ ወደ ሐኪም ይኬድ።

የረመዷን ፆምስ?

ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው ሐኪሙ ከፈቀደለት ሊፆም ይችላል። በቀን አንዴ የሚወሰደው ዋርፋሪን ከኢፍጣር በኋላ፣ ሁለት ጊዜ የሚወሰደው መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሑር ሊመደብ ይችላል። ይህ ግን ረመዷን ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው። በቅርቡ ስትሮክ የመታው ወይም ልቡ የደከመ ሰው ፆም ሊጎዳው ይችላል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። ቀዷ ወይም ፊድያ እንደሚገባው ለማወቅ የሐኪሙን ቃል ይዞ ዓሊሞችን መጠየቅ ነው። መድኃኒት አቁሞ መፆም ግን ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

ስትሮክ ሲያጋጥም

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ ወይም ንግግር ከተወላገደ ሰዓቱን ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ቦታ እንኳ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለታማሚው ቁርኣን መቅራት በመንገድም ይቻላል፤ «መጀመሪያ ይቀራበት» ብሎ ማሳደር ግን የማይመለስ ጊዜ ያባክናል።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለን። ብዙ ሕሙማን ዋርፋሪን የሚያቋርጡት ለምርመራ የሚመላለሱበት ገንዘብ ሲያልቅባቸው ነው። በየመስጂዱ ያለን ጀማዓዎችና እድሮች፣ በመካከላችን የልብ ሕመምተኛ ካለ የመሣፈሪያውን ነገር እንጠይቀው። ስትሮክ ከመታው በኋላ ከምናዋጣው ይልቅ ሳይመታው የምንሰጠው ሶደቃ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የበለጠም ይጠቅመዋል።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይስጥልን፤ ወላሁ አዕለም።