ከሎሌነት ወደ ሠራተኝነት

ሎሌ ጌታ ነበረው እንጂ የሥራ ሰዓት አልነበረውም። ሠራተኛ ግን ጉልበቱን በውል የሚያከራይ፣ ከሰዓቱ ውጭ የራሱ የሆነ ሰው ነው። የ1956ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ለፋብሪካ ሠራተኛው በማኅበር ተደራጅቶ የመደራደር መብት ሰጠው። እሰየው!

ታዲያ ጧት ከላፍቶ በታክሲ ተጋፍቶ ቢሮ የሚገባው ተቀጣሪ ልጁን ለማን ትቶ ወጣ? ለቤት ሠራተኛዋ። “ገረድ” ማለት ነውር ሆነና ስሟ ተለወጠ፤ ሕጉ ግን አልተከተላትም። የ1985ቱም፣ የ1996ቱም፣ የ2011ዱም አዋጅ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጭ አደረገው። ለእሷ የቀሯት የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

እኛ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያችን ከአለቃ እንሟገታለን፤ ይገባናልም። ማታ በር የምትከፍትልን ልጅ የሥራ ሰዓቷ ስንት ላይ ያበቃል?