በካሬ ደብተር ላይ የበቀሉ ሥዕሎች

የታላቅ እህቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ሲል አንድ ሥራ ይዞልኝ መጣ። የክፍሉ ልጆች ሲሰነባበቱ በሚለብሱት ካናቴራ ላይ የሚታተም አንበሳ እንድሥልላቸው ነው። «ግን ጋሼ፣ እንደ ድሮ ጌም ይሁን፤ በካሬ በካሬ የተሠራ» አለኝ። የእኔ ሙያ መጻፍ እንጂ መሣል አይደለም። ቢሆንም የካሬ ሥዕል ከእጅ ይልቅ ቆጠራ ይፈልጋል ብዬ ራሴን አደፋፈርኩና አንድ የሒሳብ ደብተር ገዛሁ። 32 ካሬ ወደ ጎን፣ 32 ካሬ ወደ ታች ከለልኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ጎፈሩ መጣ፣ ጅራቱም መጣ፤ ፊቱ ግን ድመት ድመት እያለ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ከአፍንጫው ሥር አንዲት ካሬ ባጠፋ ጊዜ አንበሳ ሆነ።

ሥዕሉን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ ማተሚያ ቤት አደረስኩ። ከቀናት በኋላ 42 ካናቴራ ተረከብን። አንበሳዬ እንደ ቦካ ሊጥ አብጧል። «ወንድሜ፣ ጠርዙ ሁሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖብህ ነበር፤ አለስልሼልሃለሁ» አለኝ ሠራተኛው፣ ምስጋና እየጠበቀ። በቅን ልቡ ያደረገውን ሰው እንዴት ልቆጣው? ያ ደረጃ ስሕተት ሳይሆን ሥዕሉ ራሱ መሆኑን ለማስረዳት ግን እዚያው ቆሜ ቃል አጠረኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ያጠረኝ ቃል ነው።

የኮምፒዩተር ምስል ጥቃቅን ነቁጦች ተደርድረው የሚሠሩት ነገር ነው። እያንዳንዱ ነቁጥ ፒክስል ይባላል። ዛሬ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ላይ ነቁጦቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ዓይን አይለያቸውም። በ1970ዎቹ ግን ነቁጥ ውድ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ታይቶ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተባለውን ጨዋታ ሲፈጥር በመጀመሪያ ያሰበው ታንክና አውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኑ በነቁጥ ሲሠራ እንቅስቃሴው አላምር አለ። ሰው ቢሥል እንቅስቃሴው ያምር ነበር፤ ሰው ላይ መተኮስ ግን ተገቢ ሆኖ አልታየም። ስለዚህ ከባሕር እንስሳት የተቀዱ የሕዋ ፍጡራን ሣለ። ከመካከላቸው ሸርጣን የሚመስለው ወርዱ 11፣ ቁመቱ 8 ነቁጥ ብቻ ነው። በጠቅላላው 88 ካሬ! ይህቺው ሸርጣን ዛሬም በየአገሩ በካናቴራ ደረት ላይ ትታያለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የኒንቴንዶው ሽጌሩ ሚያሞቶ «ዶንኪ ኮንግ» ለተባለው ጨዋታ አንድ አናጢ መሣል ነበረበት። አፍ ለመሣል ነቁጥ አልበቃውም፤ ስለዚህ ሪዝ አበቀለለት። ፀጉር ቢሥል ሲዘል እንዴት እንደሚበር ሊያሳይ ነው፤ ቆብ ደፋለት። ክንዱ ከገላው እንዲለይ ደግሞ ባለ ማንገቻ ቱታ አለበሰው። ኋላ ማሪዮ ተብሎ ዓለም ያወቀው ሰውዬ መልኩን ያገኘው እንዲህ ከእጥረት ነው። ድህነት ብልሃት ያስተምራል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሪዝ እንደሚያበቅል ግን አላውቅም ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የምትማርከኝ ግን አሜሪካዊቷ ሱዛን ኬር ናት። (የአባቷን ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ያየ ያገራችን ሰው «ካሬ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም።) ኬር በሥነ ጥበብ ዶክትሬት የያዘች ሴት ስትሆን፣ ለአንድ የአርካንሳስ ቤተ መዘክር የብረት የዱር አሳማ ስትበይድ ሳለ አንዲ ሄርትዝፌልድ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ስልክ ደወለላት። አፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ ለተባለው አዲስ ኮምፒዩተር ምልክቶችን የሚሥል ሰው ይፈልጋል። ኬር በሥራው የኮምፒዩተር ልምድ አልነበራትም። በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አንድ ባለ ካሬ ደብተር ገዛችና 32 በ32 ከልላ ካሬዎቹን ማጥቆር ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ አፕል ገባች።

የማኪንቶሽን ገጽ እናስላው። ወርዱ 512፣ ቁመቱ 342 ነቁጥ ነው፤ ሲባዛ 175,104 ይሆናል። እያንዳንዱ ነቁጥ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ ግራጫ የለም። ይህ ብቻውን ከመሣሪያው 128 ኪሎባይት ትውስታ አንድ ስድስተኛውን ይወስድ ነበር። ኬር በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው ፈገግ ያለውን ኮምፒዩተር፣ ፊውዙ የሚንቀለቀለውን ቦምብ፣ የቆሻሻ መጣያውን ቅርጫት ያሰናዳችው። ለሥራው ያዘጋጃት ምን እንደሆነ ስትጠየቅ የምታነሣው ሞዛይክንና ጥልፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የንድፍ ደብተሮቿን ለስብስቡ ወሰደ።

ጥልፍ ማለቷ ጨዋታ አይደለም። በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የጥልፍና የሽመና ንድፎችን በካሬ ከፋፍለው የሚያሳዩ መጻሕፍት ታትመዋል፤ ከኬር ደብተር 460 ዓመት ገደማ ቀድመው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ዣካርድ የጨርቁን ንድፍ በተበሳ ካርድ እያነበበ የሚሸምን መሣሪያ ሠራ፤ ያን ካርድ ደግሞ እንግሊዛዊው ባቤጅ ለስሌት መሣሪያው ተዋሰው። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የጥበብ ቀሚስ ጥለትን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሰያፉ መስመር ሁሉ ደረጃ እንደሆነ ይገነዘባል። ድሩ ቁም፣ ማጉ አግድም ነውና ሸማኔው በክር ቆጠራ ከመውጣትና ከመውረድ ሌላ መንገድ የለውም። የጥለቱን ደረጃ «ላለስልስልህ» የሚለው ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ወደ ካናቴራው ልመለስ። ባለ ካሬ ሥዕል ሲያድግ እያንዳንዱ ነቁጥ እንዳለ በሙሉ ቁጥር መባዛት አለበት። የእኔ አንበሳ አንዱ ካሬ 8 ሚሊሜትር ቢሆን ወርዱ 25.6 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ለደረት ይበቃል። ኮምፒዩተሩ በራሱ ፈቃድ ሲያሳድገው ግን በሁለት ካሬዎች መካከል የሌለ ቀለም እየገመተ ያስገባል፤ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሠራተኛው ይህን ብዥታ ሊያስተካክል ሲል ነው አንበሳውን ያሳበጠው። በሲልክ ስክሪን ሲታተም ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ክፈፍ ስለሚያስፈልግ፣ ሁለት ቀለም ያለው የካሬ ሥዕል ለኪስም ይራራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ልጆቹ ያበጠውን አንበሳ ለብሰው፣ እርስ በርስ በእስክሪፕቶ ተፈራርመውበት ተለያዩ። የእህቴ ልጅ ግን ቅር ብሎታል። አንድ እሑድ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ደብተሬን ለአያቱ አሳያት። እናቴ በልጅነቷ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጥልፍ ተምራለች፤ የቤታችን የትራስ ልብሶች ምስክር ናቸው። ደብተሩን አራቀች፣ አቀረበች።

«ይሄ እኮ ጥልፍ ነው» አለች። «ማነው የሠራው?»

«ጋሼ ነው።»

«እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልጁ አንድ ያልታተመበት ነጭ ካናቴራ ሲያቀብላት በሁለት እጇ ወጠረችውና መለሰችለት። «ይሄ ይለጠጣል፣ ክሩም አይቆጠርም። ከጓዳ ያቺን ቁራጭ ሸማ አምጣልኝ፤ እሷ ላይ ጠልፌ እሰፋልሃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንዱ ካሬ ስንት ክር ይሁን?»

ሦስት አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ከጎፈሩ ጫፍ መቁጠር ጀመረች።