ነጻ ፈቃድና የእግዚአብሔር ሉዓላዊነት

ነጻ ፈቃድና የእግዚአብሔር ሉዓላዊነት በክርስትና ነገረ መለኮት የማይነጣጠሉ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣሉ። እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅና የሚገዛ ከሆነ ሰው በሥራው ለምን ይጠየቃል? ሰው በእውነት የሚመርጥ ከሆነስ የአምላክ አሳብ እንዴት ይጸናል?

በስሜን ይህ ጥያቄ በድንጋይና በእንጨት ተሠርቶ ቆሟል። በጃናሞራ የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል። አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡትም እርሳቸው ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸው። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ጳጳስ እጅ የተቀቡት ካሣ ሆኑ። ውቤ አሰናዱ፣ ካሣ ነገሡ።

ካሣ የመረጡት የንግሥና ስም ቴዎድሮስ ነው፤ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ይነሣል የሚለው የጻድቅ ንጉሥ ስም። ትንቢቱ ሰውየውን አመጣ ወይስ ሰውየው ትንቢቱን ያዘ? በአገራችን ታሪክ ለዚህ ክርክር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያጠፉበትን ሽጉጥ ያነሣው እጅም የራሳቸው ነበር።

በዚህ ክርክር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት መነሻው የነፍስ ባሕርይ ነው፤ ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት። ማሰብ የተሰጠው ፍጡር መምረጥም ተሰጥቶታል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ ሰው በፊቱ እሳትና ውኃ ቀርቦለት እጁን ወደ ወደደው እንደሚዘረጋ ያስተምራል። የሮሜ መልእክት 9ኛ ምዕራፍ፣ የያዕቆብና የዔሳው ነገር፣ እጅግ ከባዱ ክፍል ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ምርጫውን ከእግዚአብሔር ቅድመ እውቀት ጋር አያይዞ ተርጉሞታል፦ ማወቅ ማስገደድ አይደለም። የፈርዖንንም ልብ መጽናት የምሥራቅ አባቶች በአብዛኛው የትዕግሥት ፍሬ አድርገው ያዩታል፤ አንዱ ፀሐይ ሰሙን እያቀለጠ ጭቃውን እንደሚያደርቅ ማለት ነው።

በምዕራብ ክርክሩ በአውግስጢኖስና በፔላግዮስ ተጀምሮ በ1525 እ.ኤ.አ. ሉተር ለኢራስመስ በጻፈው መልስ፣ በኋላም በካልቪንና በ1618–1619 እ.ኤ.አ. በዶርት ጉባኤ ከረረ። ከ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ተለይታ የኖረችው ቤተ ክርስቲያናችን የዚህ ሙግት ተካፋይ አልነበረችም። የቃሉ ልዩነት ራሱ ብዙ ይናገራል፦ «ሉዓላዊነት» ይበልጥ የሚሰማው ከወንጌላውያን መድረክ ሲሆን በኦርቶዶክሱ ጉባኤ የሚዘወተረው «መግቦት» ነው። አንዱ ዙፋንን፣ ሌላው መጋቢን ያስታውሳል።

በሕዝቡ ዘንድ ከሁለቱም የሚለይ ሦስተኛ ቃል አለ፤ «የአርባ ቀን ዕድል»። ከሁሉ የሚያሳስበው ይህኛው ነው፤ የሰውን ነገር ከራሱ ምርጫ አውጥቶ አስቀድሞ ለተቆረጠ ዕጣ ይሰጣልና። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በጠንቋዮችና በሟርተኞች ላይ አጥብቀው ተነሥተው ነበር፤ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፉን ዐውደ ነገሥትን የሚገልጥ ግን ዛሬም አልጠፋም። ንስሐ ሊገባ የቀረበ ሰው «ዕድሌ ነው» ቢል የንስሐ አባቱ ቀኖናውን አያነሡለትም፤ ስግደቱንና ጾሙን ቆጥረው ይሰጡታል፣ ፈጽሞም እንዲመለስ ይጠብቁታል።